የበረሃው ሩርና የሮዛሊን ዓይኖች

የካቲት 8

ይድረስ ለሮዛሊን፣ በበረዶ አገር ላለሽው ልጄ።

ሰላምታዬ አንቺ ዘንድ እስኪደርስ በመንገድ እንዳይበርደው ብዬ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። እኔም አጎትሽ ሃሮልድም ደህና ነን። ውሾቹም ደህና ናቸው፤ ጉልበቴም እንደ ፀባዩ ነው። እህቴን ሉሲን በጉያው ያሳረፈ አምላክ አንቺን ልጇን በመንገድሽ ሁሉ ይጠብቅልኝ፤ በአውቶቡስ የምታመላልሻቸውንም ተማሪዎች እንዲሁ። ስልክ ለምን አትደውዪም ትያለሽ። እዚህ ኮረብታው ላይ ካልወጡ አይሰማም፤ እኔና ኮረብታው ደግሞ ከተኳረፍን ቆየን።

ወሬው እንዲህ ነው። ዓምና ጤና ጣቢያው ስኳር ላለብን ሴቶች ብሎ አዳራሹ ውስጥ የመራመጃ ማሽን አስገብቶ ነበር። የሄድነው ጥቂት፣ የተመለስነው ከዚያም ያነስን። የጎረቤቴን የኢሜልዳን አፍ መቼም ታውቂዋለሽ፤ ማሽኑ ላይ ትንሽ ተራምዳ «ሄጄ ሄጄ አሁንም እዚሁ ነኝ እንዴ?» ብላ ወረደች። ከዚያ ወዲያ አልረገጠችውም።

ዘንድሮ ሥራው ለኖሪን ተሰጠ። የፍራንሲስኮዎቹ ልጅ ናት፣ ከተማ ተምራ የመጣችው። አንድ ቀን ከዳሳችን ሥር መጥታ ቁጭ አለችና «እማማ ዴልፊን፣ የሴቶቹን የሩር ጨዋታ ያስተምሩን» አለችኝ።

«ማንን?»

«ስኳር ያለባቸውን። የሌለባቸውንም፣ እንዳይመጣባቸው።»

«እኔ እኮ ስልሳ ዓመት አልፎኛል፣ ልጄ።»

«እርስዎ ቆመው ይሳደቡ፣ እኛ እንሮጣለን» አትለኝም!

ቅዳሜ ጠዋት ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ ያለውን ሜዳ ጠርገን ጀመርን። ሃሮልድ ከበረሃ ግራር ቆልማማ ዱላ ጠርቦ ሰጠን። ሁለቱን ሩሮች በጠፍር አገናኝቼ የቋጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ እጄ አልረሳም። ወንድ እንዳይቀርብ አባረርን፣ ሃሮልድንም ጭምር፤ አኩርፎ ሄደ። ሴቶቹ ረጅም ቀሚሳቸውን ለብሰው ሲሰለፉ የድሮውን የመክፈቻ ዜማ አወጣሁ። መሃል ላይ ወደ ግራዬ ዞር አልኩ። ከግራዬ ሁልጊዜ የምትቆመው እናትሽ ነበረች። ከዚያ ሩሩ ተወረወረ። ኢሜልዳን ብታዪያት! ያቺ ከወንበር ለመነሳት ሰው የምትጠራ ሴትዮ አቧራውን እያቦነነች «አምጪው! አምጪው አንቺ ቀጭን!» እያለች ኖሪንን ስታሳድዳት።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እግራቸው የሚያብጥ ሴቶች አሉ፤ ጫማቸው ይቆርጣቸዋል፣ ሲቆርጣቸውም አይሰማቸውም፤ አደጋው እሱ ነው። ሰፋ ያለ፣ ውስጡ የሚለሰልስ ጫማ እዚያ ካገኘሽ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ላኪልን።

ያንቺስ ስኳር እንዴት ነው? ባለፈው ጠይቄሽ ዘለልሽው። መድኃኒትሽን ትወስጃለሽ? ዓይንሽንና እግርሽን የሚያይልሽ ሐኪም አለ?

አክስትሽ ዴልፊን


መጋቢት 20

ለአክስቴ ለእማማ ዴልፊን።

ከእግርዎ ዝቅ ብዬ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ለአጎቴ ለሃሮልድም ሰላምታዬ ይድረስልኝ፤ ከሜዳ ስለተባረረ አዝኜለታለሁ ይበሉት። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። በረዶው አሁንም አለ፤ ጠዋት ከአውቶቡሱ መስታወት ላይ ስፍቀው ጣቶቼ የሰው ይሆናሉ።

ጫማዎቹን ገዝቼ ልኬያለሁ፣ በትልቅ ካርቶን ነው። የመጨረሻው ሰፊ ቁጥር የኢሜልዳ ነው፤ እንዳትቆጣኝ ብቻ ማን እንደመረጠላት አይንገሯት።

የተማሪዎቼን ወሬ ይወዳሉና ልጻፍልዎ። ከወንበሬ ኋላ የምትቀመጥ ዊኒ የምትባል የመጀመሪያ ክፍል ልጅ አለች፣ አፏ አያርፍም። «እውነት አንቺ የአሜሪካ የጥንት ሰው ነሽ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ፊልም ላይ ሁሉም ፈረስ አላቸው፤ ፈረስሽ ታዲያ የት አለ?» «ይኸው ተቀምጠሽበታል፤ ቢጫ ነው፣ ሣር አይበላም» ብላት አመነችኝ። አሁን ስትወርድ የአውቶቡሱን አፍንጫ ዳስሳ «ደህና እደር ፈረስ» ትለዋለች።

ስለ ሩሩ የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ትንሽ ሆኜ እናቴ ስትሮጥ ቀሚሷን በጥርሷ ነክሳ ትይዘው የነበረው ትዝ አለኝ። እኔም አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ያገባሁትን ያን ግብ ሰው ያስታውሰው ይሆን? እዚህ ማንም አያውቅልኝም።

ማታ ማታ ጠረጴዛዬ ያለበት ክፍል ብርሃኑ አይመችም፤ በዚሁ ይብቃኝ። ደብዳቤዎ አይቅርብኝ።

ልጅዎ ሮዛሊን


ሚያዝያ 27

ይድረስ ለሮዛሊን ልጄ።

እጅሽ ይባረክ፣ የሰጠሽበት አይጉደልብሽ። ካርቶኑ ሲከፈት የሠርግ ቤት መሰልን። ኢሜልዳ ያቺን ታንኳ የምታክል ጫማ አጥልቃ «ይሄን የመረጠልኝ ሰው እግሬን በሕልሙ አይቶታል» አለች። አንቺን አላጋለጥኩሽም።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገርሽ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ኢሜልዳ ሜዳው ላይ ወደቀች። ጨዋታው ሞቆ ሳለ ዱላዋን ጣለችና እንደ ሰከረ ሰው ዞር ዞር አለች፤ ላብ አጠመቃት፤ ስሟን ስንጠራት የማታውቀን ሆነች። ለካ የስኳር መርፌዋን ተወግታ ምንም ሳትቀምስ ነው የመጣችው። ኖሪን ሮጣ ብርቱካን ጭማቂ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣቻት። ስትነቃ የመጀመሪያ ቃሏ «ሩሩ የት ደረሰ?» የሚል ነው። እኛ ሳቅንም አለቀስንም።

ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ቤት ገባ። ማታውን «ዴልፊን ሴቶቹን በድሮ ጨዋታ ልትገድል ነው» ተባለ። የኢሜልዳ ባል መጥቶ ደጄ ላይ ቆመ።

«ሚስቴ የታመመች ሴት ናት፣ ዴልፊን።»

«ስለታመመች እኮ ነው የምትጫወተው።»

«ብትሞትስ?»

በተከታዩ ቅዳሜ ከሴቶቹ ግማሾቹ ቀሩ። ኖሪን ግን ተስፋ የምትቆርጥ ልጅ አይደለችም። አሁን ከጨዋታ በፊት የሁሉንም ጣት ወግታ ደም ትለካለች፤ ያልበላች ዱላ አትይዝም። እኔ ደግሞ የበረሃ ባቄላ በትልቁ ድስት ቀቅዬ አመጣለሁ። ኢሜልዳ ባሏን አኩርፋ ተመልሳለች። የድንበር ጠባቂዎች መኪና መንገዱ ዳር ቆሞ ሲመለከተን «ኑ ግቡ፣ ቀሚስ እናውሳችኋለን!» ስትላቸው አቧራ አስነስተው ሄዱ።

ልጄ፣ ደግሞ አንድ ነገር አይቻለሁ። የመጋቢቱን ደብዳቤሽን ከዓምናው ጋር አስተያየሁት። ፊደሎችሽ ትልልቅ ሆነዋል፤ መስመሩ እየወረደ አንዱ በአንዱ ላይ ወጥቷል። አንቺ በትምህርት ቤት በጽሕፈትሽ የምትሸለሚ ልጅ ነበርሽ። ዓይንሽን ምን ሆነሽ ነው? ሐኪም አይቶሻል?

አክስትሽ ዴልፊን


ሰኔ 22

ለእማማ ዴልፊን።

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል፤ ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ሥራ በዝቶብኝ ዘገየሁ፣ ይቅርታ።

ኢሜልዳ ስለተረፈች ደስ ብሎኛል። ጽሕፈቴ የከፋው እስክሪብቶው መጥፎ ስለሆነ ነው። ጠረጴዛውም ይነቃነቃል። በየደብዳቤው ስለ ስኳርና ስለ ዓይን የሚጠይቁኝን ግን እባክዎ ይተዉኝ። ትልቅ ሴት ነኝ፤ ቤት ኪራይ የምከፍል፣ ሥራ ያለኝ ነኝ። ይህ ሥራ ከሌለኝ እዚህ ምንም አይደለሁም፤ ይህን ማንም አይረዳልኝም።

ደግሞ አንድ ነገር ልናገር፣ ይቆጡኝ። ሁላችሁም ስለዚህ ጨዋታ መድኃኒት እንደሆነ አድርጋችሁ ታወራላችሁ። እናቴ ከሁላችሁም ትበልጥ ነበር። ምን አተረፈላት? ከማሽን ጋር ታስራ ደሟ ሲታጠብ፣ ከዚያ ወጥታ መንገድ ላይ ስታስመልስ፣ አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሩራችሁ አላዳናትም።

ክረምቱን አርፋለሁ። ጫማ የሚፈልግ ሰው ካለ ይጻፉልኝ፤ እሱን እልካለሁ።

ሮዛሊን


ሐምሌ 9

ይድረስ ለልጄ።

ሰላም ለአንቺ ይሁን። እዚህ ዝናቡ ገና አልመጣም፤ ደመናው ከተራራው ጀርባ ያጉረመርማል እንጂ አይወርድም። የረጅሙን ቁልቋል ፍሬ ለቅመን ጨርሰናል፣ ዘንድሮ ጣፋጭ ነው።

አልተቆጣሁሽም። ጨዋታው አላዳናትም ያልሽው እውነት ነው። እኔም ጨዋታው ብቻውን ሰው ያድናል ብዬ አላውቅም። እናትሽ ግን ሜዳውን ለምን እንደተወች ማንም የነገረሽ አይመስለኝም። እግሯ አልነበረም የከለከላት፣ ሩሩ አልታይ ብሏት ነው። ሲያልፋት «ፀሐይ ገባብኝ» ትል ነበር፤ እኛም እናምናት ነበር። ደመና በሆነበት ቀንም ፀሐይ ገባብኝ አለች። ከዚያ ዱላዋን አስቀመጠች። ሐኪም ዘንድ አልሄደችም፤ ስኳሩ ዓይኗን ነክቶ ኩላሊቷንም ጀምሮ እንደነበር የታወቀው በጣም ከቆየ በኋላ ነው። የፈራችው ማሽኑን ነበር፤ ፍርሃቷ ነው ወደ ማሽኑ የወሰዳት።

አንቺ መጥፎ እስክሪብቶ አልሽ፤ እሷ ፀሐይ ትል ነበር።

እንግዲህ በግልጽ ልናገር። አንቺ ትልቅ ሴት ነሽ፤ ዓይንሽ ያንቺ ነው፤ ላለመታከም ብትወስኚ እያለቀስኩ እተውሻለሁ። ልጆቹ ግን ያንቺ አይደሉም። ያቺ አፏ የማያርፍ ልጅ ያንቺ አይደለችም። በደንብ የማታዪ ከሆነ ትምህርት ሲከፈት መሪውን አትጨብጪ። ለአለቆችሽ ራስሽ ንገሪያቸው። ካልነገርሻቸው እኔ እደውላለሁ።

ኖሪን እንዳለችው በጊዜ ከተደረሰበት የዓይኑን የደም ሥር በጨረር ያክሙታል። በጊዜ ከተደረሰበት።

መልስሽን እጠብቃለሁ። እስከዚያው ቅዱስ ፍራንሲስ ከፊትሽ ይሂድ።

አክስትሽ


መስከረም 16

ሮዛሊን ልጄ፣ እንደምን አለሽ።

ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴም አለፈ፤ ፖስታ ቤቱ ያለው ልጅ ገና ከበሩ ስገባ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቅ ጀመር። ሃሮልድ «ደህና ብትሆን ነው» ይለኛል፤ ራሱም አያምነውም።

ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከኔ ስሚው። ደውያለሁ።

ከተማ ሄጄ ከኖሪን ቢሮ ነው የደወልኩት። ኖሪን «ልጅቷ ላይ ምን እንደሚመጣ አስበውበታል?» አለችኝ። አስቤበታለሁ አልኳት። የአውቶቡስ መሥሪያ ቤትሽን ቁጥር አውጥታ ሰጠችኝና እኔ እንዳላፍር ወጥታ በሩን ዘጋችልኝ። አንድ ሰውዬ አነሳ። «ሮዛሊን አንቶን የእህቴ ልጅ ናት፤ ዓይኗ የታመመ ይመስለኛል፤ ሳትመረመር ልጆች ይዛ እንዳትነዳ» አልኩት። «ይመስለኛል ነው ወይስ ያውቃሉ?» አለኝ። አላየኋትም፣ ግን አውቃለሁ አልኩት። ስሜን ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ የደበቅሁት ነገር የለም።

ከዚያ ወጥቼ ከመኪናው ጎማ አጠገብ ቁጭ አልኩ። የሠራሁት ትክክል ይሁን አይሁን ማንም አልነገረኝም። እናትሽ ብትኖር ትመታኝ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ከኔ ቀድማ ትደውል ነበር። አላውቅም።

ሴቶቹ በጥቅምት ከምሥራቁ መንደር ጋር ሊጋጠሙ ይለማመዳሉ። እኔ ሜዳው ዳር እቆማለሁ፣ ግን ስድብ አይመጣልኝም። ኢሜልዳ «ምን ሆነሻል? ስድብሽን ካቆምሽው አንሮጥም እኮ፣ ለምደነዋል» ትለኛለች።

ጻፊልኝ። ስድብም ቢሆን ጻፊልኝ።

ዴልፊን


ጥቅምት 5

ዴልፊን፣

ሥራዬን አሳጥተውኛል። ደስ ይበልዎት። ከአሁን በኋላ አይጻፉልኝ።

ሮዛሊን


ኅዳር 12

ይድረስ ለሮዛሊን።

አትጻፊ ብለሽኛል፤ አላከበርኩልሽም። ካልፈለግሽው አትክፈቺው። ግን ባትከፍቺውም በየወሩ ይመጣልሻል።

«ዴልፊን» ብለሽ ስሜን ብቻ ጽፈሽ አየሁት። ከተወለድሽ ጀምሮ ስሜን ብቻ ጠርተሽኝ አታውቂም። ወረቀቱን ሃሮልድ እንዳያየው ኪሴ ከተትኩት፤ እሱ ግን ፊቴን አይቶ አወቀ። እራት ላይ ቡናዬን እሱ ቀዳልኝ።

ይቅርታ አድርጊልኝ አልልሽም። ብልሽ ውሸቴን ነው፤ ነገም ያው ቢሆን እደውላለሁ። ግን እንጀራሽን ማሳጣቴን አውቃለሁ፣ ቀንም ማታም ከኔ ጋር ነው ያለው።

በምሥራቁ መንደር ተሸነፍን። እነሱ ወጣቶች ናቸው፣ እኛ አያቶች። ቢሆንም ኢሜልዳ አንድ አገባች፤ ባሏ የሴቶች ሜዳ መሆኑን ረስቶ እየጮኸ ሮጦ ገባና በዱላ ተባረረ። አሁን እሱ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ ቀስቅሶ የሚያመጣት፣ ቁርሷንም አብልቶ። ሁሉም ደህና ነው እንዳልልሽ ደግሞ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከኛ ጋር የነበረችው ጆሴፋ ሁለት ጣቶቿን ከእግሯ አስቆርጣለች። ቁስሉን ደብቃው ነበር። ሜዳ እንዳትከለከል ፈርታ! ኖሪን ስትሰማ ቢሮዋን ዘግታ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ከጨዋታ በፊት ሁላችንም ጫማችንን አውልቀን አንዳችን የሌላችንን እግር እናያለን። መጀመሪያ አፈርን። አሁን ግን ወሬ የሚወራው እዚያ ላይ ነው።

ያንቺን ዓይን ማን ነው የሚያይልሽ?

አክስትሽ፣ አሁንም አክስትሽ


ጥር 24

ለእማማ ዴልፊን።

ይህን የሚጽፍልዎ እጅ የኔ አይደለም። እኔ እናገራለሁ፣ ማቪስ የምትባል የሜኖሚኒ ነገድ ሴት ትጽፍልኛለች። «ሁሉንም እጽፋለሁ፣ ስድቡንም» ብላኛለች። ስለዚህ ሰላምታዬን በሰው እጅ ይቀበሉ። አጎቴን እጅ ነሥቻለሁ።

የቀኝ ዓይኔ ውስጡ ደም ፈሶበታል። የግራውን በጨረር አክመውልኛል፣ ይድናል ይላሉ፤ መዳን ማለት ግን ካለበት እንዳይብስ ነው። እንደ ድሮው አይሆንም። ከእንግዲህ መኪና አልነዳም። ይህን የነገረኝ ሐኪም ወጣት ነው፤ እሱ ራሱ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው፣ እኔ ነኝ «አይዞህ» ያልኩት።

የማልነግርዎ መስሎኝ ነበር፤ ግን ልንገርዎ። የሐምሌውን ደብዳቤ በማጉያ መነጽር አንብቤው ነበር። ቀድጄ ጣልኩት፣ ትምህርትም ሲከፈት መሪውን ጨበጥኩ። መንገዱን በልቤ አውቀዋለሁ ብዬ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ዊኒን አወረድኳት። በአውቶቡሱ ፊት ለፊት ተሻግራ ትሄዳለች፣ ልማዷ ነው። ግራ አየሁ፣ ቀኝ አየሁ፣ መንገዱ ባዶ ነበር። ለኔ ባዶ ነበር፣ እማማ። ፍሬኑን ለቀቅሁ። ከኋላዬ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ። ቆምኩ። ወርጄ ሳይ ዊኒ ከአፍንጫው ሥር ቆማለች፤ የወደቀ እርሳሷን ልታነሳ ጎንበስ ብላ ነበር። ቀይ ኮፍያ አድርጋለች፤ ቀይ! እኔ አላየሁትም። ሳቀችና «ፈረስሽ ሊረግጠኝ ነበር» አለችኝ።

አቅፌ ቤቷ አደረስኳት። ለእናቷ ምንም አልነገርኩም። በማግስቱም ነዳሁ። ከዚያም በኋላ ነዳሁ። እርስዎ የደወሉት በዚያው ሰሞን ነው፤ አለቃዬ ጠርቶ ለምርመራ ሲልከኝ አውቶቡሱ ገና ሞቅ እንዳለ ነበር።

እርስዎ ባይደውሉ ራሴ አቆም ነበር ወይ ብዬ ብዙ አሰብኩ። አላውቅም። በእርስዎ ላይ የተናደድኩት ለዚህ ነው፣ ራሴ የማቆምበትን ዕድል ስለወሰዱብኝ። ማቪስ ይህን ስትጽፍ አንገቷን እየነቀነቀች ነው፤ ትንቀንቅ።

እሷን እንዴት እንዳገኘኋት ልንገርዎ። ከሥራ ከወጣሁ በኋላ ቤቴን ዘግቼ ተኛሁ፤ መድኃኒቱንም ተውኩት። ከሕክምና ቤት አንዲት ሠራተኛ ስሜን ለሴቶች ማኅበር ሰጥታው ኖሯል፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ከየነገዱ የመጡ እኛን መሰል ሴቶች የሚሰበሰቡበት ነው። ማቪስ በሬን ደበደበች። «ሾርባ ሠርተናል» አለችኝ። እጇን አየሁት፣ ባዶ ነው። «የታለ?» «አዳራሹ ውስጥ ነዋ! አንቺ ሂጂ እንጂ ሾርባው ወዳንቺ አይመጣም።» ተናድጄ ካፖርቴን ለበስኩ።

እዚያ ከበሮ ይመታል፣ ሴቶቹ ረጅም ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ዘርግተው በዙሪያው ይጨፍራሉ፤ ያበጠ እግር ያላት በዝግታ፣ ወጣቷ እየዘለለች። ከዚያ በፊት ነርሷ ደም ትለካለች፤ ከዚያ በኋላ ሾርባው ይመጣል። እኔ የዓይኔ ደም እስኪጠራ መሮጥም መዝለልም ተከልክያለሁ። ስለዚህ ዳር ዳሩን እራመዳለሁ፤ በማላይበት በቀኜ በኩል ሁልጊዜ አንዲት ሴት ትሆናለች፣ ማንም ሳያዛት። ስኳሬ ትንሽ ወርዷል። ሌሊት ሌሊት ግን አሁንም ዊኒን አያታለሁ።

እናንተ ዘንድ ሴቶች ምን ይጫወታሉ ብለው ጠየቁኝ። ስለ ሩሩ ነገርኳቸው፤ ካልተማርን ብለው ያዙኝ። የመክፈቻው ዜማ ግን ቃሉ ጠፋብኝ። ጽፈው ይላኩልኝ።

ሮዛሊን


የካቲት 19

ይድረስ ለሮዛሊን ልጄ፤ ለጻፈችልሽም እጅ ለማቪስ፣ ጤና ይስጥልኝ፤ ሾርባሽ አይጉደል።

ደብዳቤሽን ሃሮልድ ነው ጮክ ብሎ ያነበበልኝ። ስለ ልጅቱ ኮፍያ ያልሽው ላይ ሲደርስ አቆመ። ውጭ ወጥቶ እንጨት ሲፈልጥ ቆየና ተመልሶ ጨረሰው። ልጅቱ በሕይወት አለች፤ አንቺም አለሽ። ሌላውን እግዜር ያውቃል።

ይቅር በይኝ አልልሽም ብዬ ነበር፤ አሁንም አልልሽም። አንቺም ይቅር አልኩሽ እንድትይኝ አልጠብቅም። አትቸኩዪ።

የዜማውን ቃል ግን በወረቀት አልልክልሽም። ልቤ ጨክኖብሽ አይደለም፤ ዜማው በወረቀት አይሄድም። ከእናቴ የሰማሁት ከጎኗ ቆሜ ነው፤ እናትሽም እንደዚያው። መጥተሽ ከጎኔ ቁሚና ስሚው። ኖሪንን ጠየቅኳት፤ ሐኪምሽ ከፈቀደ በአውቶቡስ መምጣት ትችያለሽ ብላኛለች። አትሮጪም። የማይሮጡ ሴቶች አሉን፤ ጆሴፋ አሁን ወንበር ላይ ተቀምጣ ከሁላችንም በላይ ትጮኻለች።

የእናትሽ ክፍል ተጠርጓል። ጣሪያው አንድ ጥግ ላይ ያፈሳል፤ ግን ዝናብ እስኪመጣ ገና ነው።

አክስትሽ ዴልፊን


ሚያዝያ 11

ለእማማ ዴልፊን።

ይህን ራሴ ነው የምጽፈው፤ በወፍራም ጥቁር ቀለም፣ በአንድ ገጽ ላይ ጥቂት መስመር ብቻ። ማቪስ ከጎኔ ሆና መስመሩ ሲጣመም ትከሻዬን ትነካኛለች።

ሐኪሙ ፈቅዶልኛል። ረቡዕ እነሳለሁ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለእናንተ ከምትቀርበው ከተማ ከቱሳን እደርሳለሁ። አውቶቡሱን ሌላ ሰው ሲነዳ ኋላ መቀመጥ እንዴት እንደሚሆንልኝ አላውቅም።

ከመነሳቴ በፊት ዊኒ ቤት ሄጄ ነበር። ለእናቷ ሁሉንም ነገርኳት። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፣ ከዚያ «ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጪ» ብላ በሩን ዘጋችው። ልክ ናት። ዊኒ በመስኮት እያየችኝ ነበር አለችኝ አብራኝ የሄደችው ማቪስ፤ እኔ መስኮቱን ብቻ ነው ያየሁት።

በእርስዎ ላይ ያለኝ ቁጣ አላለቀም። ስንገናኝ ምን እንደምልዎ አላውቅም፤ ምናልባት ብዙ ቀን ምንም አልል ይሆናል። ዝም ብል ይታገሱኝ። ዜማውን ግን መስማት እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር አደራ። ጣቢያው ላይ ስወርድ እጅዎን አያውለብልቡልኝ፤ ከሩቅ ሰው ሁሉ ለኔ አንድ ነው፣ አይቼ እንዳላየሁ አድርጌ ያለፍኩዎ ይመስልዎታል። በግራዬ በኩል ይምጡና ስሜን ይጥሩኝ። ድምፅዎን አውቀዋለሁ።

ልጅዎ ሮዛሊን